ሁለት ባላ ትከል፦ ራሱን የሚያስተዳድረው መረብ ታሪክ፣ ከሐረር ሽቦ እስከ ዛሬው ኢንተርኔት



በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱም አብሮ ተቋረጠ። ጎንደር ውስጥ ወንድም፣ እኅት ወይም አክስት ያለው ሰው ያን ጊዜ ምን እንደነበረ ያውቀዋል። በዋትሳፕ የተላከው መልእክት አንድ ምልክት ብቻ ያሳያል፤ ሁለተኛው ምልክት አይመጣም። ከዚህ ወጥቷል፣ እዚያ ግን አልደረሰም ማለት ነው። ነገሩ በቀናት አላበቃም፤ ለወራት ቆየ።

ኮምፒውተር ለባግሩት የሚያጠኑ ልጆቻችን በትምህርት ቤት አንድ ነገር ይማራሉ፦ «ኢንተርኔት መንገድ ቢዘጋበት ራሱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል»። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ኢንተርኔት ሲፈጠር ጀምሮ የታሰበው እንዲህ እንዲሆን ነው። ታዲያ ወደ ጎንደር ለመድረስ ለምን ሌላ መንገድ አልፈለገም? የዚህ ጽሑፍ ሥራ ይህችን ጥያቄ በታሪክ መመለስ ነው። መልሱን ለማግኘት ሐረርን፣ ካሊፎርኒያን፣ አዲስ አበባንና ቤር ሼቫን መዞር አለብን። በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሐረር ሽቦ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 ገደማ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራም ሽቦ ተዘረጋ። ስልክ በዓለም ላይ ከተፈለሰፈ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው ይህ የሆነው። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። ከባሕር በኩል የሚመጣ ወሬ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጅበት አገር፣ በአንድ ቀን መስማት ቻለ።

ነገር ግን ሽቦው አንድ ነው። መሐል ላይ አንድ ምሰሶ ከወደቀ ሐረርና አዲስ አበባ ይለያያሉ። እስኪጠገን መጠበቅ እንጂ ሌላ መላ የለም።

በኋላ ስልኩ እየበዛ ሲሄድ ማዞሪያ ቤት መጣ። ሁሉም ስልክ ወደ አንድ ማዕከል ይገባል፤ እዚያ የተቀመጠችው ኦፐሬተር የአንዱን ገመድ ከሌላው ጋር ታገናኛለች። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1952 ሲቋቋም አገሪቱ የያዘችው አሠራር ይኸው ነው። ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም፤ አሜሪካም እንግሊዝም እንዲሁ ነበሩ። ዕውቀቱ ሁሉ ማዕከሉ ላይ ነው። ዳር ላይ ያለው ስልክ ምንም አያውቅም፤ አንስቶ መጠየቅ ብቻ ነው ሥራው። ማዕከሉ ከታመመ ሁሉም ይታመማል።

ደንቡ በየመንደሩ ሲሆን

ወደ ካሊፎርኒያ ከመሄዳችን በፊት ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁትን አንድ ነገር እናስታውስ። ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በስሜን፣ በወልቃይት፣ በትግራይ ተበታትነው ሲኖሩ ስልክ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ስግድ ሲደርስ ከሩቅም ከቅርብም ያለው ሰው በአንድ ቀን ተራራው ላይ ይገኛል። እንዴት? ከአንድ ዋና ቢሮ ትእዛዝ ስለተላለፈ አይደለም። ቄሶቹ በያሉበት ከአስተሰርዮ በኋላ ሃምሳ ቀን ይቆጥራሉ። ደንቡ አንድ ነው፣ ቆጠራው ግን በየቦታው ነው። አንዱ መንደር በወንዝ ሙላት ቢቆረጥ እንኳ ቀኑን አይስትም።

የኮምፒውተር ሰዎች «ፕሮቶኮል» የሚሉት ነገር ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ሁሉም የተስማማበት ደንብ፣ በእያንዳንዱ ቦታ የሚጠበቅ። አንድ መረብ ራሱን ያስተዳድራል የምንለው መሐል ላይ አዛዥ ሳይኖር፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ደንቡን ጠብቆ ሥራውን ሲሠራ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

የፖል ባራን መረብ

ፖል ባራን በ1926 ግሮድኖ ውስጥ፣ ያኔ ፖላንድ በነበረችው ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ሁለት ዓመቱ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ራንድ በተባለው የጥናት ተቋም ሲሠራ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረበለት፦ በኑክሌር ጦርነት ማዕከሎቹ ቢመቱ፣ የቀሩት ከተሞች እንዴት ይነጋገራሉ?

ባራን በ1964 ባሳተመው ጥናት ሦስት ዓይነት መረብ በሥዕል አሳየ። የመጀመሪያው ሁሉም ወደ አንድ ማዕከል የሚገባበት ነው፤ እንደ ማዞሪያ ቤቱ። ሁለተኛው ብዙ ትንንሽ ማዕከሎች ያሉት ነው። ሦስተኛው እንደ ዓሣ ማጥመጃ መረብ ነው፤ ማዕከል የለውም፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ ከጥቂት ጎረቤቶቹ ጋር ተያይዟል። ባራን ሒሳቡን ሠርቶ፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ ሦስት ወይም አራት ጎረቤት ካለው ብዙው ቢመታ እንኳ የቀረው መነጋገር እንደሚችል አሳየ።

መልእክቱም በአንድ ረጅም ሽቦ አይሄድም። ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻ ተጽፎበት ለብቻው ይጓዛል። በዚያው ዘመን ብሪታንያዊው ዶናልድ ዴቪስ ከባራን ሳይሰማ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደረሰ፤ ቁራጩን «ፓኬት» ብሎ የሰየመው እሱ ነው።

ፓኬቱ መንገዱን እንዴት ያገኛል? በገጠር ሰው ቤት ፍለጋ እንደሚሄድ እንግዳ አስቡት። የመጀመሪያው መንደር ላይ «የእገሌ ቤት በየት ነው?» ይላል። የተጠየቀው ሰው መንገዱን በሙሉ ላያውቅ ይችላል፤ ግን «በዚያ በኩል ውጣና እዚያ ጠይቅ» ይለዋል። ቀጣዩም እንዲሁ። ራውተር የሚባለው ዕቃ ሥራው ይህ ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ሁልጊዜ ያወራል፤ የትኛው መንገድ እንደተከፈተ፣ የትኛው እንደተዘጋ ይነጋገራሉ። ድልድይ ከፈረሰ ወሬው በሰከንዶች ይዳረሳል፣ መንገደኛውም በሌላ በኩል ይመራል።

የአሜሪካው ትልቁ የስልክ ኩባንያ የባራንን ሐሳብ አልተቀበለውም። ለስልክ ሰዎች ማዕከል የሌለው መረብ ሥርዓት የሌለው ቤት መሰላቸው። ሐሳቡ ሥራ ላይ የዋለው አርፓኔት በተባለው መረብ ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 የመጀመሪያው መልእክት ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ ተላከ። ሊጻፍ የታሰበው «ሎግኢን» የሚለው ቃል ነበር፤ ሁለት ፊደል እንደደረሰ ኮምፒውተሩ ወደቀ። የኢንተርኔት ታሪክ እንዲህ በብልሽት ነው የጀመረው።

ራሱን ያሳመመ መረብ

ራሱን የሚያስተዳድር ነገር ራሱን ማሳመምም ይችላል። ኦክቶበር 27 ቀን 1980 አርፓኔት በሙሉ ለሰዓታት ቆመ። ማንም አላጠቃውም። አንድ ራውተር ውስጥ በተፈጠረ የዕቃ ብልሽት፣ ለጎረቤቶች የሚላከው «መንገዱ እንዲህ ነው» የሚለው ወሬ ተበላሸ። ከአንድ ቦታ ሦስት የተለያዩ ወሬዎች ወጡ፤ በላያቸው ላይ ያለው ተራ ቁጥር ደግሞ እያንዳንዱን ከሌላው «የበለጠ አዲስ» አስመሰለው። ደንቡ «አዲስ ወሬ ከሰማህ ለጎረቤትህ አሳልፍ» ስለሚል፣ ሦስቱ ወሬዎች ማለቂያ በሌለው ዙር ሲዞሩ ዋሉ። ራውተሮቹ ወሬ ከማሳለፍ ሌላ ሥራ መሥራት አልቻሉም። በመጨረሻ ሰዎች ናቸው ገብተው ያስተካከሉት።

ከዚህ የወጣው ትምህርት ትልቅ ነው። መረብ ራሱን እንዲያስተዳድር ከተፈለገ፣ የተበላሸ ወሬ ቢገባበትም ቆይቶ ወደ ጤናው የሚመለስ መሆን አለበት። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ይህን ጠባይ በ1974 በአጭር ጽሑፍ ገልጾት ነበር፦ ከየትኛውም የተበላሸ ሁኔታ ቢነሣ፣ ማንም ሳይነካው ወደ ትክክለኛው ሁኔታ የሚመለስ አሠራር። ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት መሐንዲስ ደግሞ በ1980ዎቹ ራውተሮች እንዲህ ሆነው እንዲነጋገሩ የሚያደርጉ ደንቦችን ሠራች። በ1985 የነደፈችው ደንብ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ባሉ የመረብ ዕቃዎች ውስጥ አለ፤ አንድ ገመድ ሲነቀል ሌላው ተራውን እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነው።

ይህ ትምህርት እኛ አገርም ቤት አለው። በቤር ሼቫ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሽሎሚ ዶሌቭ፣ ስለዚህ ራሱን ስለሚያረጋጋ አሠራር በ2000 አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። መጽሐፉ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀስ ነው። ወደ ኮምፒውተር ትምህርት ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች፣ ይህ መስክ ከኔታንያ በባቡር የሚደረስበት ቦታ እንዳለ ዕወቁት።

መተማመን ላይ የቆመ ደንብ

አርፓኔት አድጎ፣ ብዙ መረቦች ተጋጥመው ኢንተርኔት ሲሆኑ አዲስ ችግር መጣ። መረቦቹ የአንድ ባለቤት አይደሉም። በ1989 ሁለት መሐንዲሶች፣ ኪርክ ሎሂድና ያኮቭ ሬክተር፣ በምሳ ሰዓት በናፕኪን ላይ አንድ ደንብ ነደፉ። ለጊዜው እንዲያገለግል ነበር ሐሳባቸው። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፣ የዓለም መረቦች ዛሬም በዚያ ደንብ ነው መንገድ የሚጠያየቁት። ደንቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ መረብ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ብሎ ለጎረቤቶቹ ያውጃል፤ ጎረቤቶቹም አምነው ያሳልፋሉ።

አምነው ማሳለፋቸው ጥንካሬም ድካምም ሆነ። በፌብሩዋሪ 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ብሎ «የዩቲዩብ አድራሻ በእኔ በኩል ነው» የሚል የውሸት ዐዋጅ አወጣ። ዐዋጁ ከአገር ሾልኮ ወጣ፤ የዓለም ራውተሮች አመኑት። ለሁለት ሰዓት ያህል የዓለም ሰው ዩቲዩብን ፍለጋ ፓኪስታን ሲሄድ ዋለ። መረቡ ራሱን አስተዳድሯል፤ የተዳደረው ግን በውሸት ነው።

አዲስ አበባ፦ ከሌሊቱ ጥሪ እስከ አንዱ በር

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ መረብ ነበረ። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ያለው ፓዲስ የተባለ ክፍል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በሚባል አሠራር ኢሜይል ይለዋወጥ ነበር። ፊዶኔትን የፈጠረው ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው፤ በ1984። አሠራሩ ድሃ የሚችለው ነው። ኮምፒውተሩ ቀን ላይ ደብዳቤ ያከማቻል። ሌሊት ወይም ስልክ በሚረክስበት ሰዓት ለሌላው ኮምፒውተር ይደወላል፣ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተላለፋል፣ ስልኩ ይዘጋል። መስመሩ ከተበላሸ ነገ እንደገና ይሞከራል፤ ደብዳቤው አይጠፋም። የአዲስ አበባው መረብ በዚህ መንገድ ለንደን ካለ መረብ ጋር ይገናኝ ነበር፤ ከዚያም ወደ ዓለም። ብዙ የአፍሪካ ከተሞች የመጀመሪያ ኢሜይላቸውን ያዩት በዚህ አሠራር ነው።

ይህ የሆነው ዘመቻ ሰለሞን፣ በሜይ 1991፣ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከዚያችው ከተማ ወደ እስራኤል ካመጣበት ጊዜ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያኔ መርካዝ ክሊታ የገቡ ወላጆቻችን ከአገር ቤት የሚሰሙት በደብዳቤ፣ በካሴት፣ በሰው እጅ ነበር። ደብዳቤው ይዘገያል፤ ግን በብዙ እጅ ስለሚሄድ አንዱ ባያደርሰው ሌላው ያደርሰዋል።

ሙሉ ኢንተርኔት በኢትዮጵያ የተከፈተው በጃንዋሪ 1997 ነው። የከፈተው የመንግሥት ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነው፤ በ2010 ተለውጦ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። ሞባይል በ1999 መጣ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የባሕር ሥር ኬብል በቀጥታ አይደርሳትም፤ በጅቡቲ፣ በኬንያ፣ በሱዳን በኩል ነው የሚገባው። አገር ውስጥ ያለው መረብ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ የአንድ ድርጅት ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ነው የጥያቄያችን ግማሽ መልስ ያለው። የባራን ሥዕል ላይ ብናስቀምጠው፣ አገሩ ውስጥ ብዙ ሺህ ራውተር ቢኖርም፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር የአንድ ባለቤት ነው። መረቡ ሌላ መንገድ መፈለግ የሚችለው ሌላ መንገድ ካለ ብቻ ነው።

የሆነውም ታሪክ ይህን ያሳያል። በ2017 የፈተና ወረቀት እንዳይወጣ ተብሎ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በጁን 2020 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፋ። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠች፤ ያ ለብዙ ወራት፣ በብዙ ቦታ ደግሞ እስከ 2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነትና ከዚያም በኋላ ቆየ። ቀጥሎ የአማራ ክልል መጣ። ትግራይ ውስጥ ዘመድ ያላቸውና ጎንደር ውስጥ ዘመድ ያላቸው ሰዎች በፖለቲካ ላይስማሙ ይችላሉ፤ በዚች ጭንቀት ግን እኩል ናቸው።

«ሁለተኛ ኩባንያ ገብቷል አይደል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሳፋሪኮም በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ውድድር መምጣቱ ለዋጋውም ለአገልግሎቱም መልካም ነው። ነገር ግን በ2023 ሁለተኛ ኩባንያ ኖሮም የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ምክንያቱም ሁለት በር በአንድ ቁልፍ የሚዘጋ ከሆነ እንደ አንድ በር ነው የሚቆጠረው። ይህ ሁለተኛው ግማሽ መልስ ነው። መንገድ ስንቆጥር ሽቦውን ብቻ ሳይሆን ማን ማዘዝ እንደሚችልም መቁጠር ያስፈልጋል።

እዚህስ?

እስራኤል ነጥብ አይኤል የሚለውን የኢንተርኔት መጠሪያዋን ያስመዘገበችው በኦክቶበር 1985 ነው፤ በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ናት። ዘመቻ ሙሴ የቆመው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ነበር። በሱዳን በረሃ በእግር የመጡት ሰዎችና ኢንተርኔት ወደዚህች አገር የገቡት በአንድ ዓመት ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ብዙ ኩባንያዎች አሉ። የእስራኤል የኢንተርኔት ማኅበር ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚያስተዳድረው መገናኛም አለ፤ ኩባንያዎቹ እዚያ ተገናኝተው የአገር ውስጡን እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ከኔታንያ ወደ ሐይፋ የሚሄድ ኢሜይል አውሮፓን ዞሮ እንዳይመጣ ማለት ነው። ይሁን እንጂ እኛም ፍጹም አይደለንም። ወደ ዓለም የምንወጣው በአብዛኛው በአንድ ባሕር፣ በሜዲትራንያን ሥር ባሉ ኬብሎች ነው።

ብዙ መንገድ ያለበት ቦታ ምን እንደሚመስል በፌብሩዋሪ 2024 ታይቷል። በቀይ ባሕር ሥር ከሚያልፉት ኬብሎች ሦስቱ ተበጠሱ። በእስያና በአውሮፓ መካከል ከሚመላለሰው ትልቅ ድርሻ ሌላ መንገድ መያዝ ነበረበት። ያዘም። ኬብሎቹን ለመጠገን ወራት ፈጀ፤ አብዛኛው ተጠቃሚ ግን መበጠሳቸውን እንኳ አላወቀም። ባራን ያለው ይህንን ነው፤ ባላው ሁለት ብቻ ሳይሆን ብዙ ሲሆን።

ወደፊትስ ወዴት?

በ2001 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ የምርምር ኃላፊው ፖል ሆርን አንድ ጥሪ አቀረበ። ኮምፒውተሮች ከመብዛታቸው የተነሣ የሚያስተዳድራቸው ሰው ሊበቃ አይችልም፤ ስለዚህ ራሳቸውን ማስተዳደር አለባቸው አለ። ምሳሌው የሰው አካል ነበር፦ ልባችን እንዲመታ፣ ሳንባችን እንዲተነፍስ አናዘውም፤ ራሱ ይሠራል። መረቡም እንዲሁ ራሱን ያዘጋጅ፣ ራሱን ያክም፣ ራሱን ያሻሽል፣ ራሱን ይጠብቅ ተባለ። በ2003 ዴቪድ ክላርክና ባልደረቦቹ ለኢንተርኔት የራሱ «የዕውቀት ሽፋን» ይኑረው የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ መረቡ ምን እንደተበላሸበት ዐውቆ ለሰው ማስረዳት እንዲችል። ኋላም የኢንተርኔትን ደንቦች የሚያወጡት መሐንዲሶች፣ አዲስ ዕቃ ሲሰካ ራሱ ጎረቤቶቹን ዐውቆ ሥራ የሚጀምርበትን ደንብ ጽፈዋል።

በተግባር ግን ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። ጉግል በ2013 እንዳሳወቀው፣ በራሱ ማዕከሎች መካከል ያለውን መረብ ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያይ ሶፍትዌር እንዲመራው አደረገ። ይህ ጥቅም አለው፤ ኬብሉ ሳይባክን በሙሉ አቅሙ ይሠራል። ሆኖም ልብ በሉ፦ ይህ ማዞሪያ ቤቷ ነች፤ ኦፐሬተሯ በሶፍትዌር ተተክታ ተመልሳ መጣች።

አደጋውን ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ሁላችንም ቀመስነው። ፌስቡክ መረቡን ሲያድስ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ማዕከሎቹን ሁሉ ከእርስ በርስ ቆራረጣቸው። ትእዛዙን ሊያስቆም የሚገባው መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ራሱ ጉድለት ነበረበት። ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው የሚገርመው። የኩባንያውን አድራሻ ለዓለም የሚናገሩት ሰርቨሮች ማዕከሉን ማግኘት ሲያቅታቸው፣ «እኛ ታመናል ማለት ነው» ብለው በደንባቸው መሠረት ራሳቸውን ከዓለም ካርታ አወጡ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ዋትሳፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። መሐንዲሶቹ ከሩቅ ሊያስተካክሉት አልቻሉም፤ የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች በዚያው መረብ ላይ ነበሩና። ማንም አልዘጋውም፤ ራሱን የሚያስተዳድረው መረብ ራሱን ዘጋ።

ጎንደር ላይ የሆነውና ያን ዕለት የሆነው አይመሳሰሉም፤ አንዱ በሰው ትእዛዝ ነው፣ ሌላው በስሕተት። ከዳር ላለው ሰው ግን ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው፦ አንድ ምልክት፣ ሁለተኛው የማይመጣ። ምክንያታቸውም ሥር ላይ ይገናኛል። ብዙ ሰው በአንድ ባላ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሌላ መንገድም የሚሞከር አለ። በስፔን ካታሎኒያ ከ2004 ጀምሮ የገጠር ሰዎች ጊፊኔት የሚባል የራሳቸውን መረብ ዘርግተዋል። እያንዳንዱ ቤት አንቴናውን ሰቅሎ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፤ መረቡ የሁሉም ነው። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ፣ ማንኮሲ በተባለ መንደር ዜንዜሌኒ የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። እንደኛ ዕድር ማለት ነው፤ አባላቱ ያዋጣሉ፣ ራሳቸው ይጠግናሉ፣ ደንቡን ራሳቸው ያወጣሉ። ከኢንተርኔት አባቶች አንዱ የሆኑት ቪንት ሰርፍም ለጠፈር ጉዞ ብለው ከሌሎች ጋር የሠሩት አሠራር አለ፤ መስመር ሲጠፋ መልእክቱን ይዞ የሚጠብቅ፣ ሲመጣ የሚያሳልፍ። የአዲስ አበባውን የሌሊት ጥሪ ያስታውሳል። የድሃው ዘዴ ለማርስ ሊሆን መጣ።

ለእኛ ምን ይሁን?

እስቲ አሁን የጀመርነውን ጥያቄ እንመልስ። ኢንተርኔት ጎንደርን ለመድረስ ለምን ሌላ መንገድ አልፈለገም? ፈልጓል፤ ግን አልነበረም። ብልሃት የሌለን መንገድ አይፈጥርም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩ በሙሉ በአንድ ክር ከተንጠለጠለ ግን አንበሳው ክሯን በጥፍሩ ነክቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ከእኛ ወጣቶች ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንደኛው ለዛሬ ነው። በአገር ቤት ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ያለን መገናኛ በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ አይሁን። የዘመድን ስልክ ቁጥር፣ የጎረቤቱንም፣ በከተማ ያለውን የሌላ ሰው ቁጥርም በወረቀት ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ተራ የስልክ ጥሪ ወይም አጭር መልእክት የሚሠራበት ጊዜ አለ። እናቶቻችንና አያቶቻችን ዋትሳፕ ብቻ ስለሚያውቁ ይህን ሊያደርግላቸው የሚችለው ቤት ያለው ልጅ ነው። አንድ ምሽት ይበቃል።

ሁለተኛው ለነገ ነው። ከእናንተ መካከል በጻባ የኮምፒውተር ክፍል የምታገለግሉ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ፣ በሃይቴክ የምትቀጠሩ አላችሁ። መረብ የሚነድፍ ሰው ሆናችሁ ስትቀመጡ «ይህ ፈጣን ነው ወይ? ርካሽ ነው ወይ?» ብቻ አትጠይቁ። «ይህ ቢሰበር በየት ይሄዳል? የስንት ሰው ቁልፍ ነው የሚዘጋው? ራሱን የሚያስተዳድረው ደንብ ቢሳሳት ማን ገብቶ ያቃናዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ጥያቄዎች ከሌላው መሐንዲስ ይልቅ እናንተ በደንብ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ የሁለተኛውን ምልክት መቅረት ከመጽሐፍ አይደለም የተማራችሁት።

የሚቀጥለው ዓመት ዕትም በሰላም፣ ከሩቅ ዘመድ የደኅና ወሬ እየሰማን ያገናኘን።